አባዬ እስኪጨርስ

ለውድ ወንድሜ ለሃይለኣብ
ማይጨው

ሰላምታዬ ከቦሌ ተነስቶ፣ ደሴንና ወልድያን አልፎ፣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ አንተ ዘንድ በደህና ይድረስ። እንዴት ከረምክልኝ ወንድም ዓለም? ጤናህስ እንዴት ነው? የብየዳው ብልጭታ ዓይንህን ማቃጠሉን ተወት አደረገ ወይስ ዛሬም ድንች እየቆረጥክ ዓይንህ ላይ ትለጥፋለህ? ኣርያም ወገቧን ተሻላት? እናታችን አደይስ ከማይጨው ብርድ ጋር እንዴት ናት? አምና ያመጣሁላትን ጋቢ ትለብሰዋለች ወይስ «ለክብር ቀን» ብላ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? ግርማይ የፊት ጥርሱ ወለቀ ብለኸኝ ነበር። ጣራ ላይ ጣለው? አዲሱ እስኪበቅል ድረስ ማንም እንዳይስቅበት ንገርልኝ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። «ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት።

ደብዳቤውን ስታይ «ምን ሆነች፣ ስልክ ጠፋባት?» ማለትህ አይቀርም። ስልኬስ አለ። ግን ስልክ ላይ እኔ ምን እንደምሆን ታውቀዋለህ፤ አንተ ቃሉን ስትጀምረው እኔ እጨርሰዋለሁ። ባለፈው እሁድ ደውለህ «ዳ... ዳ... ዳናይት ለምን...» ስትል ሳላስጨርስህ «ፈተና ላይ ናት፣ ለዚያ ነው ዝም ያለችህ» አልኩህ። አንተም «እሺ» ብለህ ዘጋህ። ሃይለኣብ፣ ዳናይት ፈተና የለባትም። ላንተ ለአባቷ ቮይስ መላክ ያቆመችው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን በአፌ ልንገርህ ብል መልስህን ሁሉ ራሴ መልሼልህ፣ ይቅርታውንም ባንተ ፈንታ ለራሴ ሰጥቼ ስልኩን እዘጋዋለሁ። ወረቀት ግን አንተ እስክትጨርስ ይጠብቃል። እቤት በትግርኛ ብንጫወትም እጄ ለጽሑፍ የለመደው አማርኛውን ነውና በእሱው ቻለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ገርጂ፣ ከእኛ ቤት ሁለት ታክሲ የማያስይዝ ቦታ፣ ልጆች ፊልም የሚሠሩበት ቤት ተከፍቷል። የኛ አገር፣ የኬንያና የዴንማርክ ሰዎች ተባብረው ያቋቋሙት ነው። ሐሳቡ ልጆች የትልልቅ ሰዎችን ፊልም ብቻ እያዩ ከሚያድጉ የራሳቸውን ይሥሩ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ የሠራውን የናይሮቢው ያየዋል፤ የናይሮቢውን የኮፐንሃገኑ ያየዋል፤ ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ይነጋገሩበታል። አንድ ሕግ አላቸው፤ የትልቅ ሰው እጅ አይገባበትም። ትልቅ ሰው ካሜራ ያቀብላል፣ ምሳ ያቀርባል፣ ዝም ይላል። ቤቱን የምታስተዳድረው ዲና የምትባል የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ጸሎተኛ ጴንጤ ናት፣ ሲከፋት ነው «ጌታ ይባርክሽ» የምትለው። ሕጉን ስታነብልን «ዝም ይላል» የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እኔም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

እኔን የፈለጉኝ ስለ ሥራው በመጽሔት አምዴ ላይ እንድጽፍና ልጆቹ የሚሉትን ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ነው። ዳናይትን ያስመዘገብኳት እኔው ነኝ። ላንተ ያልነገርንህ ፊልሙ ሲያልቅ በድንገት ልናሳይህ ብለን ነው፤ ይህች የእሷ ምኞት ነበረች።

ፊልሟን መጀመሪያ ያየሁት በስልኳ ላይ ነው፣ ሶፋው ላይ ተለጥፋብኝ። ርዕሱ «አባዬ እስኪጨርስ» ይላል። የምትታየው እሷ ብቻ ናት፤ የሚሰማው ያንተ ድምፅ ነው። ከምትልክላት ቮይሶች ሁሉ አንዱን መርጣለች፤ «ጥርስሽን ታጠቢ፣ ፍርዬን አታስቸግሪ፣ ሲመሽ ብቻሽን አትሂጂ» የምትልበትን። ሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ አሥምራ ትዘላለች። አንተ «ዳ» ስትል አንዱን ሳጥን ትዘላለች። እንደገና «ዳ» ስትል ቀጣዩን። «ዳናይት» ብለህ ስትጨርስ በሁለት እግሯ ታርፋለች። ከዚያ መሐል ላይ ያ የምታውቀው ነገር ይመጣል፤ ቃሉ ጉሮሮህ ላይ ይቆምና ትንፋሽህ ብቻ ይሰማል። እሷ በአንድ እግሯ ቆማ ትጠብቅሃለች። ትወላወላለች፣ እጇን እንደ ክንፍ ትዘረጋለች፣ አትወድቅም። ቃሉ ሲወጣ ትዘላለች። መጨረሻው ላይ «እ... እ... እወድሻለሁ» ስትል ነጥራ ነጥራ ከመሥመሩ ትወጣለች። ፊልሙ ይኸው ነው፤ ሻይ ቀርቦ እስኪበርድ ያልቃል።

«እንዴት ነው ፍርዬ?» አለችኝ። «ጎበዝ የኔ ልጅ» ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። 

አሁን የምነግርህን ስጽፈው ራሴም ጆሮዬ ይግላል። የታየኝ የልጅቷ ሥራ ሳይሆን አዳራሹ ነበር። የመጽሔቱ አለቃዬ ከነሚስቱ ይመጣል። ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ በየሳምንቱ ምሳ የምንበላው እነዚያ ወሬ የማያመልጣቸው ሴቶች ይመጣሉ። ፈረንጆቹ አሉ። «የፍረወይኒ ወንድም ተብታባ ነው እንዴ? እሷ እንዲያ እየተናገረች?» ሲሉ ቀድሜ ሰማኋቸው። ስለ ሰው ሲያወሩ ስለምሰማቸው፣ ስለኔም እንዴት አድርገው እንደሚያወሩ አውቃለሁ፤ ጨውም ቅመምም አብሬ የምጨምረው እኔ ነኝና።

እንግዳ ሲመጣ ቤታችን እንዴት እንደነበር ታስታውሳለህ? አደይ የሶፋውን የተቀደደ ጎን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች። ከዚያ አንተን ታይና «ሃይልሽ፣ ሂድ ጓዳ ተኛ» ትልሃለች። እንግዳው «ልጁስ?» ሲል «ተኝቷል» የምለው እኔ ነበርኩ። አንተ በበሩ ቀዳዳ እያየኸን። አደይን አልወቅሳትም፤ ገበናን መሸፈን እንጂ ልጅን መደበቅ አልመሰላትም። እኔ ግን ይኸው በዚህ ዕድሜዬ፣ ይኸው ተምሬ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ በየወሩ ሰው እየመከርኩ፣ ድምፅህን ወስጄ ጓዳ አስተኛሁት።

ላጲሶ የሚባል የሬዲዮ ድራማ ተዋናይ አለ፤ ድምፁ እንደ ነጭ ማር የሚወርድ። አምና በአምዴ አሞግሼው ነበርና እምቢ የሚለኝ አፍ አልነበረውም። ቦሌ መንገድ ያለው ቢሯችን ውስጥ ቃለ መጠይቅ የምንቀዳባት ጠባብ ክፍል አስገባሁትና ያንተን ቃል ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። አንዳንዱንም አሳመርኩት። «ጥርስሽን ታጠቢ» ለዓለም አቀፍ ተመልካች የማይመጥን መስሎኝ «ልጄ ሆይ፣ ትምህርት ብርሃን ነው» አደረግሁት። ላጲሶ አንብቦ ሲጨርስ «ፍሬ፣ ሰውዬው ግን ለምን ራሱ አይናገርም?» አለኝ። «የማይጨው ኔትወርክ ያስቸግራል» አልኩት። «ኔትወርኩ ነው ወይስ አንቺ ነሽ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እሱ የቀለደው ሰው ስለማላስወራ ነበር፤ እውነቱን መንካቱን አላወቀም።

ፊልሞቹን ለዕይታ የሚያዘጋጀው ካሊድ የሚባል ትሑት ልጅ ነው፤ ልጆቹን ድምፅ መቅዳት ያስተማራቸውም እሱ ነው። አዲሱን ድምፅ ሰጠሁትና የዳናይት ላይ እንዲያስገባው ነገርኩት። «እትዬ ፍሬ፣ ልጅቷ ታውቃለች?» አለኝ። «አዎ፣ ተስማምታለች» አልኩት። ቃሌን አመነ። ውሸቴ ይቺ ናት ሃይለኣብ፤ አጭር ናት፣ አልተንተባተብኩባትም።

የማሳያው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት፣ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ የገበያ ሕንፃ ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር። ከናይሮቢ የመጡት ልጆች ከኛዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተደባልቀው ተቀምጠዋል፤ በእጅና በሳቅ ተግባብተው አንድ ሰፈር ያደጉ ነው የሚመስሉት። ዳናይት እናቷ ኣርያም የሠራችላትን ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። እኔ ከነዚያ ሴቶች ጋር ኋላ ነበርኩ፤ ጾም ስለሆነ ለእንግዶቹ የቀረበውን ሳምቡሳ «ምስር ነው ወይስ ሥጋ?» እያሉ ይገላብጡት ነበር።

የዳናይት ተራ ደረሰ። ሰኞ ማክሰኞው ታየ፣ እግሯ ተነሣ፣ የላጲሶ ድምፅም አዳራሹን ሞላው። «ልጄ ሆይ...» ጭንቅላቷን ከኋላ አየሁት፤ ደርቆ ቀረ። ድምፁ አምሮ፣ ተስተካክሎ ይፈስሳል፤ እሷ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለ ምንም ምክንያት አንዴ፣ እንደገና አንዴ ትዘላለች። ላጲሶ ንግግሩን ጨርሶ ዝም ሲል እሷ በአንድ እግሯ ቆማ ቀረች። ዝምታ ነው። ትወላወላለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ የምትጠብቀው ነገር የለም። ልጆቹ ሳቁ። በክፋት አይደለም፤ የሚያስቅ ነገር ስለሆነ ሳቁ። እኔው ነኝ የሚያስቅ ያደረግሁት።

መብራቱ ሲበራ ልጆቹ ይጠያየቃሉ፤ ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ከናይሮቢ የመጣ መነጽር ያደረገ ልጅ ተነሣ፤ የሚለውን ዲና እየተረጎመች ነበር። «ዝላይሽ ደስ ይላል፤ ግን ለምን ነው በአንድ እግርሽ እንደዚያ ብዙ የቆምሽው?» አላት። ዳናይት «አባዬን እየጠበቅሁት ነው» አለች። ልጁ ግራ ገባው። «አባትሽ እኮ ተናግሮ ጨርሷል» አላት። ያኔ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችና «ይሄ አባቴ አይደለም» አለች። «ይሄን ሰውዬ አላውቀውም። የኔ አባት ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው።»

ካሊድ ከጥግ ሆኖ እኔን አየኝ። አጠገቤ ያለችው ወዳጄ «ምን አለች? ምን አለች?» እያለች ክንዴን ትጎሽመኛለች። አንድ ቃል የሚጠፋብኝ ሰው አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን አፌን ከፍቼ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንዲያ ነው ለካ።

በኋላ ዲና ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝና «ፍሬ፣ ጌታ ይባርክሽ» አለች። ካሊድ «ታውቃለች አላሉኝም እንዴ እትዬ?» አለኝ፤ አሁንም በአክብሮት ነው፣ ያ ነው የገረፈኝ። ከዴንማርክ የመጣችው ካረን ደግሞ እኔን አልፋኝ ሄደች። ዳናይት አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ በዲና በኩል «ምን ይደረግልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሁላችን ስለ ልጅቷ ስንነጋገር ልጅቷን ራሷን የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው ካረን ናት። ዳናይት የራስህ ድምፅ እንዲመለስ እንደምትፈልግ፣ ግን አንተ ሳትፈቅድ እንደማይሆን ተናገረች። ዲናም ሕጉ እንደዚያው ነው አለች፤ የሰው ድምፅ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ወደ ሌላ አገር አይሄድም። የፈቃዱን ወረቀት ግን ባንተ ስም ፈርሜ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ላጠፋሁት ድምፅህ ፈቃድ ሰጪም እኔው።

ወደ ቤት ስንመለስ የመኪናው ሾፌር በመስታወት አይቷት «ምነው የኔ እናት፣ አኮረፍሽ?» አላት። እኔ ቀበል አድርጌ «አባቷን ናፍቃ ነው» አልኩት። ከመስኮቱ ሳትዞር «እኔን ነው የጠየቀኝ» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንቱ ትለኛለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ፍርዬ ነይ፣ ፍርዬ እይው» ስትለኝ የኖረች ልጅ «ምሳዎን ሸፍኜልዎታለሁ አክስቴ» ትለኛለች። ተማሪ ቤት ትሄዳለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች፣ አንድ ነገር አላጎደለችም። ጎረቤቶች «እንዴት ያለ ሥርዓት!» ይላሉ። ስለ ማሳያው ለመጽሔቱ ልጽፍ ተቀምጬ «ዝግጅቱ በደማቅ ሁኔታ ተከናወነ» የሚለውን እንደጻፍኩ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። አጠፋሁት፤ አምዴ በዚህ ወር የለም።

ባለፈው ሐሙስ ግን እኔ ሽሮ ሳማስል ወደ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ተደግፋ ቆመች። «አባዬ በድምፁ ያፍርበታል እንዴ?» አለችኝ። ላንተ ቮይስ መላክ ያቆመችው ለዚህ ነው ወንድሜ። ብትጠይቅህ አሳፍርሃለሁ ብላ ፈርታ ነው። ይህች ልጅ እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ አነጋገርህ ጉድለት መሆኑን አታውቅም ነበር። ለእሷ የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ነበር፣ አባቷ የሚያመጣላት። ማፈርን ከማንም አልተማረችም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፊልሙን ማበላሸቴ እንኳ ይስተካከላል፣ ካሊድ ዋናውን አስቀምጦታል። ይህኛውን ግን እኔ ማስተካከል አልችልም። ለጥያቄዋ መልስ ልሰጣት አፌ ደርሶ ነበር፤ ሽሮው ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው ድረስ ዝም አልኩ። መልሱ ያንተ ነው።

እንግዲህ የምለምንህ ይህንን ነው። ከጥምቀት በኋላ የልጆቹ ፊልሞች ተጠቃልለው ወደ ናይሮቢና ወደ ኮፐንሃገን ይላካሉ። በእነዚያ ከተሞች ያሉ ልጆች ድምፅህን እንዳለ፣ ከነመቆሙ፣ ይሰሙት እንደሆነ አንተ ወስን። ብትፈቅድ ይሄዳል። እምቢ ብትል እዚሁ ይቀራል፤ ዳናይትም «አባዬ ካላለ ይቅር» ብላለች። እኔ ወዴትም አልገፋህም፣ ባንተ ቦታ ብሆን ምን እንደምል እንኳ አላውቅም። እኔንም ልትቆጣ ትችላለህ፤ ብትቆጣ ደስ ይለኛል፣ ተቆጥተህ አታውቅምና፤ ወይም ተቆጥተህ እኔ ቀድሜ ጨርሼብህ ይሆናል። መልስህን ግን ለእኔ እንዳትልከው። ለእሷ ላክላት፣ በድምፅህ። እኔ ከቤት ወጥቼ ትስማው።

ደብዳቤውን ዘርአጽዮን ያደርስልሃል፤ ለሱቁ ዕቃ ሊያወጣ መጥቶ ነገ ማለዳ ከላምበረት መናኸሪያ ይሳፈራል። ለኣርያም ሹራቡ እንዳማረባት፣ ሁሉም «ማን ሠራው?» እንዳለ ንገርልኝ። የአደይን ጉልበት ሳምልኝ፤ ስለ ጓዳው ያልኩትን ግን አታንብብላት፣ እሷን ማሳዘን አልፈልግም፤ ጥፋቱን የደገምኩት እኔ ነኝ። ግርማይን ጥርስ የሌለበትን ቦታ ሳምልኝ። ለብየዳ ቤትህ ልጆች፣ ለጎረቤቶቻችን፣ «ፍረወይኒ እንዴት ናት?» ላለ ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ ምን እንደሠራሁ ከጠየቁህም አትሸፍንልኝ።

ዳናይት ሰላም ብላሃለች ብዬ ልጽፍ እጄ ደርሶ ነበር። አላለችኝም። ሰላምታዋን ራሷ ትነግርሃለች። አሁን ጠመኔዋን ይዛ ወጥታለች፤ በመስኮት ትታየኛለች። ቮይስህን ስትልክ አትቸኩል ወንድሜ። በአንድ እግሯ መቆም ትችልበታለች።

እህትህ ፍረወይኒ
ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.